ባሕር በሌለበት ከተማ ዲቴክተር መማር፦ ከአራት ኪሎ ግቢ እስከ ላንጋኖ አሸዋ

አዲስ አበባ ውስጥ ዲቴክተር፣ ማለትም ብረት ፈላጊ ማሽን፣ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በር ላይ የሚቆመው ፈታሽ ነው። ባንክ ስንገባ፣ ሆቴል ስንገባ፣ ስብሰባ ስንገባ ያቺን አጭር ማሽን በጎናችን ሽው ያደርጋታል። ቀበቶ ላይ ጢጥ ትላለች። «ይለፉ» ይለናል። አሸዋ ውስጥ የጠፋ ቀለበት የሚፈለግበት ማሽንም የእሷው ዘመድ ነው። ዘንጉ ረዘም ይላል፣ ጫፉ ላይ ኮይል የሚባል፣ ውስጡ ሽቦ የተጠቀለለበት ክብ ሰሃን አለው፣ ድምፁም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም።

ይህ መመሪያ መሃል ከተማ ለሚኖር ጀማሪ ነው። አራት ኪሎም ይሁን ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ለውጥ የለውም። ባሕር የለንም፤ ግቢ ግን አለ። ግቢ ከሌለም ሳፋ አለ። ዋናው ትምህርት ማለቅ ያለበት እዚሁ ቤት ነው። የማሽኑን ድምፅ ሳይለዩ ላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ መውረድ ቆርኪ ለመልቀም ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር መንዳት ነው።

1. ከመግዛት በፊት ሕጉን እወቁ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው መዝለል ይወዳል። አትዝለሉት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል። ስለዚህ በድሮ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ዙሪያ፣ በመቃብር ቦታ፣ በጥንት ከተማ ፍርስራሽ ላይ ማሽን አይበራም። «ትንሽ ብቻ ልሞክር» የሚባል ነገር የለም። ወርቅ ከወንዝ ዳር እፈልጋለሁ የሚልም ሰው ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ማዕድን የሚፈለገው በፈቃድ ነው።

እዚህ የምናወራው ሰሞኑን ስለጠፋ ነገር ነው። ሲዋኙ ስለወለቀ ቀለበት፣ ከእጅ ስለተፈታ ሰዓት፣ ከኪስ ስለወደቀ ሳንቲም። ይህም ቢሆን የቦታውን ባለቤት ፈቃድ ይጠይቃል። በራሳችሁ ግቢ እንደፈለጋችሁ። ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩን ጠይቁ። የከተማው ፓርክና አደባባይ ግን ይቅርባችሁ። መስቀል አደባባይ ላይ ሄድፎን አድርጎ መሬት የሚዳብስ ሰው ፖሊስ ቢያስቆመው ምን ይገርማል?

ሳታስቡት አሮጌ ነገር ቢወጣስ? ለምሳሌ ማርትሬዛ፣ ማለትም ጠገራ ብር። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። ላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት ታያላችሁ። ዓመቱ አያታልላችሁ፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ ከሞተች በኋላም ብሩ ያንኑ ቁጥር ይዞ ሲመታ ኖሯል። ዕድሜውን መገመት የእናንተ ሥራ አይደለም። መቆፈሩን አቁሙ፣ እንዳለ ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን ምልክት አድርጉ፣ ለቅርስ ባለሥልጣን ወይም በአቅራቢያው ላለ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ይህ ሥራ ፈጽሞ አይሠራም። የትም ቦታ ቢሆን ቅርጹ ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ነገር ካያችሁ አትንኩት። በመጣችሁበት እግር ተመለሱና ለፖሊስ ንገሩ።

2. ማሽን ስትገዙ

ኮይሉ ወደ መሬት መግነጢሳዊ መስክ ይልካል። መስኩ ብረት ነክ ነገር ሲያገኝ በዚያ ነገር ውስጥ ትንሽ ኮረንቲ ይፈጥራል። ያ ኮረንቲ በተራው የራሱን መስክ ይመልሳል። ሁለተኛው የኮይል ጥቅል መልሱን ይሰማል። መልሱ ምን ያህል እንደዘገየ በመለካት ማሽኑ «ይህ ሚስማር ነው»፣ «ይህ ብር ነው» ብሎ ይገምታል። ይገምታል ነው ያልኩት። አያውቅም።

ለጀማሪ የሚሆነው ቪኤልኤፍ (በጣም ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ) የሚባለው ዓይነት ነው። ፍሪኩዌንሲ ማለት መስኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ብረትን ከሌላው ይለያል፣ ቀላል ነው፣ ሳንቲም የሚያህል ነገር ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ያገኛል። አብዛኞቹ የጋሬት ኤስ ተከታታይ ማሽኖች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይሠራሉ፤ ለግቢና ለሐይቅ ዳር ይበቃሉ። እንደ ሚኔላብ ቫንኩዊሽ ያሉት በብዙ ፍሪኩዌንሲ በአንዴ ስለሚሠሩ ጨዋማ ባሕር ዳርም አይቸገሩም። ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለው ሦስተኛ ዓይነት ጥልቅ ይሄዳል፤ ግን ሚስማርን ከቀለበት መለየት ይቸግረዋል። ለጊዜው እርሱት።

«ከመቶ ሜትር ርቀት ወርቅ የሚጠቁም» እየተባለ የሚሸጠውን አንቴናማ ዕቃ ግን ፊት ለፊት እንናገር፦ ማጭበርበሪያ ነው። የዚህ ዓይነት ነገር ብዙ ጉዳት አድርሷል። ጄምስ ማኮርሚክ የተባለ እንግሊዛዊ የጎልፍ ኳስ መፈለጊያ ተብሎ ይሸጥ ከነበረ ባዶ ፕላስቲክ የተቀዳ ኤዲኢ 651 የተባለ ዕቃ ቦምብ መፈለጊያ ነው እያለ ለኢራቅ ሸጧል። እ.ኤ.አ. በ2013 10 ዓመት እስር ተፈረደበት። የእውነቱ ዲቴክተር ኮይሉ ሥር ያለውን እንጂ ከተራራው ማዶ ያለውን አያይም። ሻጩ «ሞክሩት» ካላላችሁ አትግዙ። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ቀለበታችሁን አውልቃችሁ ሻጩ ሳያይ ከሦስት ኩባያ በአንዱ ሥር ደብቁና «አግኝልኝ» በሉት።

ዘመድ ከውጭ ይዞ እንዲመጣ ካሰባችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ጉምሩክ ኮሚሽንን ጠይቁ። ቦሌ ደርሶ ከመከራከር ይሻላል።

ከማሽኑ ሌላ ብዙ አያስፈልግም። ባለ ገመድ ሄድፎን፣ የግንበኛ ማንኪያ፣ ወንፊት፣ ሁለት ኪስ ያለው ቦርሳ። አንዱ ኪስ ለቆሻሻ ነው፤ ቀድሞ የሚሞላውም እሱ ነው። ለአሸዋ የሚሆን ቀዳዳ ያለው አካፋ ብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል። ቀዳዳዎቹ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይብለጡ፤ አለዚያ የጆሮ ጌጥ ሾልኮ ይወድቃል።

3. ከተማው ራሱ ይጮኻል

ማሽኑን መጀመሪያ ቀን ግቢ ውስጥ ስታበሩት ያለ ምንም ምክንያት ይንጫጫል። ተበላሽቶ አይደለም። መሃል አዲስ አበባ ለዲቴክተር አስቸጋሪ ቦታ ነው። ከላይ የመብራት ሽቦ፣ ጥግ ላይ ትራንስፎርመር፣ ቤት ውስጥ ዋይፋይና ኤልኢዲ አምፖል አለ። አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ወለሉና ግድግዳው ውስጥ ፌሮ አለ። መሬቱ ራሱ እሳተ ገሞራ የወለደው፣ ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ነው።

መፍትሔው በቅደም ተከተል ነው። ስልካችሁን ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ራቅ አድርጉት። ኮይሉን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። አሁንም የሚጮኽ ከሆነ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው። ፍሪኩዌንሲ መቀየሪያ ካለው ቀይሩ፤ ከሌለው ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም ማሽኑ ደካማ ምልክት የሚሰማበትን መጠን፣ ዝም እስኪል ድረስ ቀንሱ። ብዙ ጀማሪ ሴንሲቲቪቲውን ጫፍ ድረስ ሰቅሎ ይተወዋል፤ ጥልቅ የሚሄድለት ይመስለዋል። የሚያገኘው ጩኸት ብቻ ነው። ዝም ያለ ማሽን በትንሽ ሴንሲቲቪቲም የበለጠ ያገኛል።

ኮይሉ አየር ላይ ዝም ብሎ መሬት ሲነካ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ጉዳዩ አፈሩ ነው። ግራውንድ ባላንስ የሚባለው ማስተካከያ ለዚህ የተሠራ ነው። ብረት የሌለበት ቦታ ፈልጋችሁ የግራውንድ ባላንሱን ቁልፍ ተጭናችሁ ይዛችሁ ኮይሉን ከመሬቱ በላይ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አድርጉት። ድምፁ ሲረጋ ልቀቁ። ቁልፉ የሌለው ማሽን በፋብሪካ የተወሰነለትን ይዞ ይሄዳል፤ ለእሱ ሴንሲቲቪቲ መቀነስ ብቻ ነው።

4. የሳፋው ትምህርት ቤት

ጠቅላላው ነገር እዚህ ነው ያለው፤ አትቸኩሉ።

ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ፈልጉ። ሰፈር ውስጥ ቤት የሚሠራ አይጠፋምና የወንዝ አሸዋ ለምኑ ወይም ግዙ። በወንፊት ንፉት፤ ከግንባታ ቦታ የመጣ አሸዋ የማሰሪያ ሽቦ ቁርጥራጭ አይጠፋውም። ሳፋውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡት፤ ከሥር ያለው ፌሮ ይረብሻል። ሁለት የፕላስቲክ የቢራ ሳጥን ደርድራችሁ ላያቸው ላይ አስቀምጡት። በዚህ ነገር ታላቅ ሰውም ተቸግሯል። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመታ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱን ከሰውነቱ ውስጥ ለመፈለግ ማሽን ሠርቶ መጣ። አልተሳካለትም። የአልጋው የብረት ሽቦ ምልክቱን እንዳበላሸበት ይነገራል።

አሁን ዕቃ ሰብስቡ። ሳንቲሞች፣ ሚስማር፣ ቆርኪ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው ብርማ ወረቀት፣ የጣሳ ቢራ መክፈቻ፣ የብር ቀለበት፣ የወርቅ ቀለበት። ሳንቲሞቹን መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉባቸው። ማግኔቱ የሚስበው ሳንቲም ውስጡ ብረት ነው፤ ላዩ ብቻ ተቀብቷል። ዲቴክተሩም ላይ ተወላግዶ ነው የሚሰማው። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ሃምሳ ሳንቲሞች የተለያየ ድምፅ ቢሰጧችሁ ማሽኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ማግኔቱን አስታውሱ።

የወርቅ ቀለበት የእናታችሁ ወይም የባለቤታችሁ ከሆነ ክር እሰሩበት። የክሩን ጫፍ ከሳፋው ውጭ አስቀሩት። ይህ ቀልድ አይደለም።

መጀመሪያ ምንም ሳትቀብሩ እያንዳንዱን ዕቃ በኮይሉ ፊት አሳልፉና ስክሪኑ የሚሰጠውን ቁጥርና የሚሰማውን ድምፅ በደብተር ጻፉ። የቁጥሩ መጠን ከማሽን ማሽን ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም ማለት ይቻላል። ታች ብረት፣ ከዚያ ብርማ ወረቀት፣ ከዚያ የጣሳ መክፈቻ፣ ላይ ነሐስና መዳብ፣ ጫፉ ላይ ብር። ወርቅስ? ወርቅ ቀለበት ብርማው ወረቀትና የጣሳ መክፈቻው ሠፈር ውስጥ ነው የሚገኘው። በዓይናችሁ እዩት፤ ሁለቱን ተራ በተራ አሳልፉ። ማሽኑ ሊለያቸው አይችልም።

ከዚህ የሚከተለውን አስቡት። ዲቴክተሮች «ቆሻሻ አጣራ» የሚል ማስተካከያ አላቸው። ወረቀቱንና መክፈቻውን እንዲያጣራ ስታደርጉት ወርቁንም አብራችሁ ጣላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ማጣሪያውን ብረት ላይ ብቻ አድርጉት፤ የቀረውን ቆፍሩ። ስስ የወርቅ ሐብል ከዚህም ይብሳል። እያንዳንዷ የሰንሰለቱ አንጓ ለብቻዋ ትንሽ ስለሆነች ብዙ ማሽን ጭራሽ አይሰማትም። ከተሰማም የሚሰማው መቆለፊያዋ ነው።

አሁን ቅበሩ። አንዱን ሳንቲም በ5 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላውን በ10፣ ሌላውን በ15። አንዱን አጋድሙ፣ አንዱን በጠርዙ አቁሙ። የቆመው ሳንቲም ድምፁ እንዴት እንደሚሳሳ ስሙ። ከዚያ ከሳንቲሙ ጎን ሚስማር ቅበሩና እንደገና ሞክሩ። ከአንድ አቅጣጫ ሳንቲሙ ይጠፋል። ዞር ብላችሁ በሌላ አቅጣጫ ስታሳልፉት ብቅ ይላል። ዳርቻ ላይ «ተቆራረጠ፣ ቆሻሻ ነው» ብላችሁ ልታልፉት የምትችሉት ድምፅ ይኸው ነው። ሁልጊዜ 90 ዲግሪ ዞራችሁ ድገሙት።

ቆርኪ ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ብረት ነው፤ ሰፊና ክብ ስለሆነ ግን ጥሩ ዕቃ መስሎ ይዘፍናል። ሁለት ብልሃት አለ። አንደኛው፣ ኮይሉን ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ። የሳንቲም ድምፅ እየሳሳም ቢሆን ጥርት እንዳለ ይቆያል፤ ቆርኪ ቶሎ ይበጣጠሳል። ሁለተኛው፣ በኮይሉ መሃል ሳይሆን በጠርዙ ብቻ ዳብሱት። የቆርኪው ድምፅ ብዙ ጊዜ ወደ ብረት ጉርምርምታ ይወርዳል። የዛገውን፣ የተጨፈለቀውንና አዲሱን በየተራ ሞክሩ፤ ሦስቱም አንድ አይደሉም።

ይህን ሁሉ ስትጨርሱ ሰው ይቅበርላችሁ። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል። ስክሪኑን በጨርቅ ሸፍኑና በጆሮ ብቻ ገምታችሁ ከዚያ አውጡ። ግምታችሁ በአብዛኛው ልክ መሆን ሲጀምር ለጉዞ ደርሳችኋል።

5. እጅና አካፋ

ኮይሉ ከመሬት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሂድ። ጀማሪ በግራና በቀኝ ጫፍ ላይ ኮይሉን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ እዚያ ጋ ያለው ሁሉ ያመልጠዋል። ክንዳችሁን አታወናጭፉ። አንድ ሜትር የሚሆን ስፋት በሁለት ሰከንድ ያህል ይበቃል። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን በግማሽ ይደርብ።

ድምፅ ስታገኙ በመስቀል ቅርጽ ዳብሱ። አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ከፊት ወደ ኋላ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው ዕቃው። በእግር ምልክት አድርጉ፣ ከምልክቱ ትንሽ ወደ ኋላ ብላችሁ አካፋውን አስገቡ። ልክ ላዩ ላይ ከሆነ ቀለበቱን ትጭሩታላችሁ። ካነሳችሁ በኋላ ጉድጓዱን እንደገና ዳብሱ። ዝም ካለ ዕቃው አካፋው ውስጥ ነው። አሁንም ከጮኸ አልወጣም፣ ወይም ሁለት ነበሩ። የብረት አካፋችሁን ደግሞ ከኮይሉ አርቁ፤ ብዙ ሰው የራሱን አካፋ ሲፈልግ ይውላል።

6. ላንጋኖ

ከአዲስ አበባ በሞጆ አድርጎ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መስመር ነው። የሐይቁ ውኃ ቡናማ ነው፤ ጉልበት ድረስ ገብታችሁ እግራችሁን አታዩትም። ለዋናተኛ የወደቀ ቀለበት ጠፋ ማለት ነው። ለእናንተ ግን ለውጥ የለውም፤ ኮይሉ ብርሃን አይፈልግም።

አሸዋማው ዳርቻ አብዛኛው የሪዞርቶች ነው። ደውላችሁ ሥራ አስኪያጁን አነጋግሩ። «የጠፋ ዕቃ ካገኘሁ ለእናንተ አስረክባለሁ፣ ጉድጓድ ደፍኜ እሄዳለሁ» በሉ። ዕቃ የጠፋበት እንግዳ ስላለ ብዙ ጊዜ በደስታ ይቀበሏችኋል። የፋሲካ ወይም የእንቁጣጣሽ ዕረፍት ያለቀበት ማግስት፣ ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ ጥሩ ሰዓት ነው።

ሙሉውን ዳርቻ ለመሸፈን አትሞክሩ። ሰው የት ዕቃ ይጥላል? ልብስ አውልቆ በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ፎጣ በሚያራግፍበት፣ መረብ ኳስ በሚጫወትበት፣ ውኃው ወገብ በሚደርስበት። ቀዝቃዛ ውኃ ጣትን ያኮማትራል፤ ቅባት የተቀባ እጅ ያንሸራትታል። ቀለበት የሚወልቀው ልጅ ሲያነሱ፣ ኳስ ሲመቱ ነው። አንዱን ቦታ ምረጡ፣ በእንጨት ችካልና በገመድ ከፋፍሉት፣ መስመር መስመሩን ጨርሱ።

ሐይቅ እንደ ባሕር ውኃው በየቀኑ ከፍና ዝቅ አይልም። ሞገዱ የሚመታው መስመር ላይ ግን ከባድ ነገር ይከማቻል፤ እዚያ ጊዜ ስጡት። እዚያው መስመር ላይ ጥቁር አሸዋ ካያችሁ ማግኔት አስጠጉ። የሚንጠለጠል ከሆነ የብረት ማዕድን ነው፤ ግራውንድ ባላንሱን ያንን አሸዋ ላይ ድገሙት። ውኃ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት የማሽናችሁን መመሪያ አንብቡ። ብዙ ማሽን ኮይሉ እንጂ ስክሪኑ ያለበት ሣጥን ውኃ አይችልም። የት ቦታ መግባት ደኅና እንደሆነም የሪዞርቱን ሰዎች ጠይቁ።

ጅቡቲ ሄዳችሁ ባሕር ላይ የምትሞክሩ ከሆነ አንድ ነገር ይለወጣል። ጨዋማ እርጥብ አሸዋ ራሱ ኮረንቲ ያስተላልፋል፤ ማሽኑ አሸዋውን እንደ ብረት ይቆጥረዋል። ብዙ ፍሪኩዌንሲ ያለው ማሽን የባሕር ሞድ አለው። የሌለው ሰው ሴንሲቲቪቲ ቀንሶ ደረቁ አሸዋ ላይ ይቆይ።

7. ቀለበት ወጣ፤ ከዚያስ?

ውስጡን እዩ። 750 ካለ 18 ካራት፣ 875 ካለ 21 ካራት ወርቅ ነው፤ 925 ደግሞ ብር። የቃል ኪዳን ቀለበት ከሆነ የሙሽሮቹ ስምና የሠርጉ ቀን ተቀርጾበት ሊሆን ይችላል። ስሙን ለማንም አትናገሩ፣ ፎቶውንም አትለጥፉ። ለእንግዳ መቀበያው «ቀለበት ተገኝቷል» ብቻ በሉ፣ በጽሑፍ አስረክቡ፣ ቀኑንና ቦታውን አስመዝግቡ። የእኔ ነው የሚል ሰው ሲመጣ ውስጡ ምን እንደተጻፈ ይንገራቸው። የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ጉድጓዱን ድፈኑ። ቆርኪውን፣ ዝገቱን፣ ስባሪውን ይዛችሁ ውጡ እንጂ መልሳችሁ አትቅበሩት፤ ሌላ ቀን ራሳችሁ ታወጡታላችሁ።

ቤት ስትደርሱ ኮይሉን በንጹሕ ውኃ አጥቡ። ከሥሩ የፕላስቲክ ሽፋን ካለው አውልቁና በውስጡ የገባውን አሸዋ አራግፉ፤ ጥቁር አሸዋ እዚያ ተቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ምክንያት ያስጮኸዋል። ዘንጉን ፈታታችሁ አድርቁ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነ ድንጋዩን አውጥታችሁ አስቀምጡ።